ወይራው ላይ ሦስት ዙር

ዛሬ ጠዋት የብስክሌቴን ብሬክ ዘይት አጠጣሁት። ይህን የሚያደርገው ብስክሌት አይቶ የማያውቅ ሰው ነው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን በብስክሌት ስመላለስ ያረጀሁ፣ ከዚያም ብሶ ስለ ሰበቃ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ብሬኩ በተያዘ ቁጥር ይጮሃል። ባለቤቴ፣ ተወው፣ መምጣትህን ከሩቅ የምሰማው በእሱ ነው፣ ወጡን አሞቅበታለሁ ትለኛለች። እኔ ደግሞ የሚጮህ ነገር ሁሉ የሚሰድበኝ ይመስለኛል። ከማድ ቤት የምግብ ዘይት አነሣሁና በዶሮ ላባ እየነከርኩ ሁለቱንም የብሬክ ጎማዎች አረካኋቸው። ጸጥ አሉ። ሥራዬን አደነቅሁ።

ከሰፈራችን ወደ ሰቆጣ ገበያ የሚወርደው መንገድ ለእግረኛ እንኳ ጉልበት የሚያንቀጠቅጥ ቁልቁለት ነው። መሀሉ ላይ ስደርስ ብሬኩን ያዝኩት፤ እሱ ግን እኔን አልያዘኝም። ባጃጆቹ ዳር ያዙልኝ። ሽንኩርት የዘረጋች ሴት ዘንቢሏን ወደ ደረቷ ሳበች። በመጨረሻ ለሚሠራ ቤት የተደፋ የአሸዋ ክምር ተቀበለኝ። ነፍሴ እስክትመለስ እዚያው ተቀምጬ ሳለ አሸዋ የምትነፋ አንዲት ልጅ ወንፊቷን አስቀምጣ መጣች።

«አባባ፣ ብሬክ የለውም እንዴ?»

«ነበረው። ዘይት አጠጣሁት።»

«ለምን?»

«እንዳይጮህ ብዬ ነዋ።»

ብሬኩን በጣቷ ነካ አድርጋ፣ «እሱስ ዝም ብሏል፤ የጮሁት እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ብሬክ የሚጮኸው ሥራ ላይ ስለሆነ ነው። ጎማው ብረቱን ይፈትጋል፣ ብረቱ እምቢ ይላል፣ በሁለቱ ጭቅጭቅ መሀል ሰው ከነጥርሱ ቤቱ ይገባል። ሁለት ነገሮች ተነካክተው አንዱ በሌላው ላይ ለመንሸራተት ሲሞክር የሚነሣውን ይህን እምቢታ ነው እኛ መምህራን ሰበቃ የምንለው። ለስንቱ ተማሪ አስተምሬዋለሁ። የሚገርመኝ መርሳቴ አይደለም። አሸዋውን ከጆሮዬ እያራገፍኩ የገባኝ፣ ይህንኑ ስሕተት በልጅነቴ አንድ ጊዜ ሠርቼው እንደነበር ነው። ያኔ በብስክሌት አልነበረም፤ በወፍጮ ድንጋይ ነበር።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር መሰለኝ። ሰቆጣ ከአንድ ዘመድ ቤት ተጠግቼ ዘጠነኛ ክፍል እማራለሁ። አገሬ ፃግብጂ ነው፤ የጥር ዕረፍት ሲሆን ስንቄን ቋጥሬ በእግሬ እገባለሁ። በዚያ ዓመት መንደራችን ሞተር ወፍጮ ሊያስገባ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ በፊት ሴቱ ሁሉ የሚፈጨው በእጁ ነው። እናቴ ከወፍጮው ስትነሣ ወገቧን ይዛ ትንሽ ትቆማለች፤ ቀና እስክትል ድረስ እኛ ልጆቹ ዝም ብለን እንጠብቃለን። አገሬው ሁለት ዓመት ሙሉ ፍየሉንና ማሩን ሲሸጥ ከርሞ ሞተሩንና ድንጋዮቹን ገዛ። የጭነት መኪና መንገዱ እስካለቀበት ድረስ አምጥቶ ዘረገፋቸውና ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ያለው የሰውና የአህያ መንገድ ነው።

ሞተሩ ተፈታትቶ በሰው ትከሻ ገባ። ታችኛው ድንጋይም እንደምንም ደረሰ፤ ሦስት ቀን ፈጀ፣ የሁለት ሰው እግር አቆሰለ። የቀረው የላይኛው ነበር። እኔ የደረስኩት ለእሱ ነው። ከባላ እንጨት መንሸራተቻ ሠርተውለት፣ ላዩ ላይ አጋድመው በጠፍር ጠፍረውታል። ከተሰበረ ሌላ የሚገዛበት ፍየልም ማርም የለም። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አያወራውም።

የጉዞው አዝማች አያ ኪሮስ ይባሉ ነበር፤ ቁመታቸው አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ የሚስቁት በአፍንጫቸው የሆኑ ሰው። ሰዎቹ ሲጎትቱ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ እየተቀባበሉ ያዜማሉ። «ተማሪው» የምትለዋን ቃል ብቻ በአማርኛ ይሏታል። እኔ እንድሰማት መሆኑ ነው።

መስማቴ አልቀረም። ከዕረፍቱ በፊት መምህራችን ያስተማረን ምዕራፍ ስለ ሰበቃ ነበርና ጭንቅላቴ በእሱ ተሞልቷል። ሻካራ መሬት መንሸራተቻውን እንደሚይዘው፣ በመሀሉ የሚያሟልጭ ነገር ቢገባ ጉልበት እንደሚተርፍ አስረዳሁ። አያ ኪሮስ፣ ታዲያ ቅቤ እንቀባው እንዴ፣ ለራሳችንም አልተረፈን አሉ። እኔ ግን ዙሪያዬን እያየሁ ነበር። ያ መንገድ ዳርና ዳሩ በለስ ነው። የበለስ ቅጠል ሲቀጠቀጥ ምን ዓይነት ልሃጭ እንደሚወጣው ያንን አገር የሚያውቅ ያውቃል። እሾሁን በእሳት ለብልበን፣ በድንጋይ ቀጥቅጠን፣ ከመንሸራተቻው ፊት አነጠፍነው።

ድንጋዩ ሄደ። አሥራ ስድስት ሰው ሲያቃስትበት የነበረው ድንጋይ ለጥ ባለው ጭንጫ ላይ በስምንት ሰው እንደ ጥጃ ተከተለ። አያ ኪሮስ ቆም ብለው አዩኝና በአፍንጫቸው ሳቁ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን የመውደድ ነበር። ምሳ ላይ በሶው ሲበጠበጥ የመጀመሪያው ጭብጥ ለእኔ ተሰጠኝ። በርበሬና ጨው ያለበት የገብስ በሶ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ግብዣ በልቻለሁ፣ እንደዚያ ራሴን ከፍ ያደረገኝ ምግብ ግን አላጋጠመኝም። መከራችን የጀመረውም ከዚያ ጭብጥ ነው።

ስንቅ ተሸክመው ከመጡት ሴቶች መሀል ዘነቡ ነበረች። ከእኔ ሁለት ዓመት ያህል ትበልጣለች። አባቷ ሞቷል፣ ወንድም የላትም፤ እናትና ልጅ ናቸው። እናትየዋ ስለደከመች ዘነቡ ለሰው እየፈጨች፣ በምትፈጨው ልክ እህል እየተሰፈረላት ቤቱን ትይዛለች። በሬያቸውን የምታስረውም፣ የምትፈታውም፣ ሲታመም ይዛ መድኃኒት የምታግተውም እሷ ናት። መንገድ ላይ ጎን ለጎን ስንሄድ፣ ወፍጮ በመምጣቱ ደስ ብሏት እንደሆነ ጠየቅኳት። የጅል ጥያቄ ነበር።

«እናትህ ታርፋለች» አለች። «እኔን ግን ከዚህ ወዲያ ማን ፍጪልኝ ይለኛል? ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ካልገባሁ አልቆልኛል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እህል የሚቀበል፣ ወፍጮው ላይ የሚያፈስ፣ ዱቄቱን የሚጠርግ አንድ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ከሚፈጨው እህል ድርሻ አለው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ በመንገዱ ላይ ለድንጋዩ ከሁሉ የበለጠ የደከመ ቤት ነው ያንን ሰው የሚያስገባው ብለው ቆርጠዋል። ወንድ ያለው ቤት ሁሉ ወንዱን ልኳል። ዘነቡ ወንድ ስለሌላት ራሷን ላከች። እንደ ወንድ ገመድ እንዳትይዝ ግን ሳቁባትና እንስራ አሸከሟት።

ከሰዓት በኋላ ትንሽ አቀበት ወጣን። ሰዎቹ ለማረፍ ሲቆሙ መንሸራተቻው ወደ ኋላ ሊንሸራተት ሞከረ፤ እየተሯሯጥን ድንጋይ ወሸቅንበት። እግዚአብሔር ምልክት ሲሰጥ እንዲህ በግልጽ ነው የሚሰጠው። እኔ ግን ያኔ የማነበው መጽሐፍ ብቻ ነበር።

አቀበቱ ሲያልቅ ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ተዘረጋ። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከታች እንደ ክንድ የታጠፈች ጥምዝ አለች፣ ከጥምዟ ወዲያ ገደል ነው። በአናቱ ላይ አንድ ያረጀ ወይራ ቆሟል። አያ ኪሮስ፣ እዚህስ የበለሱ ነገር ይቅርብን አሉ። እኔ ክርክር ገጠምኩ። በሜዳ እንዲህ የረዳን በቁልቁለት እጥፍ ይረዳናል፤ ከላይ ስምንት ሰው ገመድ ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል፣ እንደ ሕፃን ይወርዳል አልኩ። አነጋገሬ መጽሐፍ መጽሐፍ ይሸት ነበር መሰለኝ፣ ሽማግሌው በጠዋቱ ነገር ስላመኑኝ እሺ አሉ።

ሌሎቹ ሴቶች ለእራት ውኃ ለመቅዳት፣ የቀሩት ወንዶችም ማደሪያ ለማበጀት ወደ ወንዙ ቀድመው ወርደዋል። ዘነቡ በለስ ስትቀጠቅጥ ወደ ኋላ ቀርታ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ወደ እኔ መጣችና ትርፉን ገመድ ስጠኝ አለች። የቃጫ ገመድ ነው፤ ረጅምና ወፍራም። ምን ያደርግልሻል ብላት፣ አንዱን ጫፍ መንሸራተቻው ላይ አስሬ ወይራው ላይ እጠመጥመዋለሁ አለች። ሥራ አታብዢ አልኳት። ስምንት ወንድ የያዘውን አንቺ ምን ትጨምሪበታለሽ ማለቴ ነበር፤ አፍ አውጥቼም ብዬዋለሁ።

«በሬ ሲያብድ በጉልበት ይዤው አላውቅም» አለችኝ። «ገመዱን ዛፍ ላይ ሦስት ጊዜ አዞረዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚታገለው ከዛፉ ጋር ነው።»

መልሴን ሳትጠብቅ ወሰደችው። ሰዎቹ ሁለተኛውን ገመድ አይተውታል፤ የእኔ ትእዛዝ ነው ብለው አልፈውታል። ፊታቸውን ወደ ቁልቁለቱ አዙረው፣ የራሳቸውን ገመድ ይዘው፣ ድንጋዩን እያዘገሙ መውረድ ጀመሩ። እኔ እንደ መሐንዲስ ወይራው ሥር ቆሜ ቀስ፣ ቀስ እላለሁ። ዘነቡ ከግንዱ ኋላ ሆና በሦስት ዙር የተጠመጠመውን ገመድ በጥቂት በጥቂቱ ትለቃለች።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። መንሸራተቻው የበለሱን ልሃጭ እየጨፈለቀ መንገዱን ሁሉ ይቀባዋል። ገመድ ይዘው ከኋላ የሚከተሉት ሰዎች የሚረግጡት ያንኑ ነው። ድንጋዩን ከመሬቱ ጋር ሳፋታ፣ የያዙትን ሰዎች እግርም አብሬ አፋትቻለሁ። መጀመሪያ አንዱ ወደቀ። ሲወድቅ ከፊቱ ያለውን እግር መታው። ከዚያ ስምንቱም በቂጣቸው ወደ ታች ይሄዱ ጀመር፤ ገመዱን የለቀቀ አልነበረም፣ ግን የቆመም አልነበረም። ድንጋዩ ሕፃንነቱን ተወ።

ከዚያ ገመዱ ወይራው ላይ ጮኸ። ጩኸቱን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ፤ ደረቅ፣ ረጅም፣ ሰው የሚጣራ የሚመስል። ከቅርፊቱ ጭስ ወጣ። ዞር ስል ዘነቡ ወደ ኋላ ተለጥጣ፣ ሁለት እግሯን ከሥሩ ላይ ተክላ፣ የገመዱን ጫፍ ይዛለች። ገመዱ በመዳፏ ውስጥ ያልፋል፣ ግን እየዘገየ፣ እየዘገየ ያልፋል። ከንፈሯን ነክሳለች። ድንጋዩ ከጥምዟ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

ያኔ ነው እኔ ወደ ሕሊናዬ የተመለስኩት። ሮጬ ጫፉን ተቀበልኳትና ግንዱ ላይ ቋጠርኩት። እሷ ከዛፉ ጀርባ ቁጭ ብላ መዳፏን እፍ እፍ ትላለች፤ ቆዳው ተገሽልጦ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ኮሌጅ ስገባ ዘነቡ የሠራችውን ነገር በቀመር አገኘሁት። ገመድ ግንድ ላይ በዞረ ቁጥር ሰበቃው በየዙሩ አይደመርም፣ ይባዛል። አንድ ዙር ጥቂት ይይዛል፤ ሁለተኛው ያንን ደግሞ ያበዛዋል፤ በሦስተኛው አንዲት ልጅ ስምንት ወንድ ያልቻለውን ትይዛለች። በጠዋት ጠላታችን ብዬ በበለስ የቀበርኩት ሰበቃ፣ በማታ ወይራው ላይ ቆሞ አዳነን። መምህሩ ይህን ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ ሌላው ተማሪ ይገለብጣል፤ እኔ ላብ አሰመጠኝ።

ለምን እንዳላበኝ ልናገር። ሰዎቹ ከወደቁበት ተነሥተው፣ ልሃጭ በልሃጭ ሆነው ሽቅብ ሲመጡ ያዩት እኔን ነው። ገመዱ በእጄ ነው፣ ቋጠሮው በፊቴ ነው፣ ግንዱ ይጨሳል። ዘነቡን ግንዱ ሸፍኗታል። አያ ኪሮስ ተንበርክከው ወይራውን በእጃቸው ዳሰሱት። ሲነሡ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«እኛ በጉልበታችን ስንመካ ይህ ልጅ ለድንጋዩ መያዣ አበጅቶለት ነበር» አሉ። «ትምህርት ማለት ይኸው ነው። እደግ፣ ተመንደግ።»

ትከሻቸው ላይ አወጡኝ። ከላይ ሆኜ ዘነቡን አየኋት። ከግንዱ ጀርባ ወጥታ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ታየኛለች። አፌን ከፈትኩ፤ ይህንን እምላለሁ፣ ከፍቼው ነበር። ግን አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖት በሰው ትከሻ ላይ የወጣ ሰው በገዛ ፈቃዱ እንዲወርድ መጠበቅ ከተፈጥሮ ሕግ ጋር መጣላት ነው። ቁልቁለቱ ያለ በለስ፣ ገመዱ ወይራው ላይ እየተለቀቀ፣ በሰላም አለቀ። ገመዱን የሚለቅቀው እኔ ነበርኩ፤ የእጇን ቁስል ያየ ቢኖርም የበለስ እሾህ መስሎታል።

ወፍጮው በተተከለ ቀን የመጀመሪያው ዱቄት ሲወጣ ሴቶቹ እያፈሱ ጉንጫቸው ላይ ይቀቡት ነበር። እናቴ ዱቄቱን ሳይሆን ሞተሩን ነው የሳመችው፤ ከንፈሯን አቃጠላት። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ፈረዱ። ለድንጋዩ ከሁሉ የበለጠ የደከመ የእኛ ቤት ነው ተባለ፤ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የእኛ ሰው ትግባ ተባለ። ታላቅ እህቴ ገባች። ባሏ ጥሏት ሁለት ልጅ ይዛ እኛ ቤት የተመለሰች ናት፤ ስሟ ሲጠራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ዘነቡ ማታውን በአጥራችን በኩል ጠራችኝ። የተቆጣች አልመሰለችም፤ ያ ነው ያስቸገረኝ።

«አንተ ትነግራቸዋለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለች።

«ነገ እነግራቸዋለሁ።»

«እህትህ መሆኗን አውቃለሁ። ቢሆንም እናቴ አለች።»

«ነገ» አልኳት እንደገና።

በማግስቱ እህቴ ዱቄት በዱቄት ሆና እየሳቀች ስትመጣ አየኋት፤ ከባሏ ቤት ከተመለሰች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተከፈተና ወደ ሰቆጣ ሄድኩ። ዘነቡ እስከ ክረምቱ ቆየች፤ የሚያስፈጫት ሲጠፋ እናቷን ለአክስቷ አደራ ሰጥታ ወደ ወልድያ ወረደች። ሰው ቤት ተቀጥራ ሠራች፣ ቀን ሥራ ሠራች። እናቷ ስትሞት አልደረሰችም።

ካረጀች በኋላ ተመልሳ ሰቆጣ ገበያ ውስጥ ጨውና በርበሬ ትቸረችራለች። እኔም ጨዌን የምገዛው ከእሷ ነው። ባለቤቴ ቤታችን ውስጥ ለምን ይህ ሁሉ ጨው እንደተከማቸ እስከ ዛሬ አልገባትም። ዘነቡ ጨዋታ ታውቃለች፤ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ዝናቡ፣ አረብ አገር ስለ ሄደችው ልጇ ታወራኛለች። አንዳንዴ ደግሞ ሚዛኑን ሳታስቀምጥ ቀና ብላ ታየኛለች። በቀደም ለታ እንዲህ አለችኝ፦

«አያ ኪሮስ ሞቱ። እህትህም አረፈች፣ ነፍሷን ይማርና። ወፍጮውም ዝጎ ተጣለ። አሁን የምትፈራው ማንን ነው?»

ሁለት ኪሎ ጨው ጨምሬ ገዛሁ።

ይህን መጻፌን እንደ መክፈል እንዳትቆጥሩልኝ። ዘነቡ ፊደል አልቆጠረችም፤ የፃግብጂ ሰውም ቢሆን የሚያምነው ሰው በተሰበሰበበት በአፍ የተነገረውን ነው። ያለብኝ ዕዳ አራት ቃል ነው፦ ገመዱን የጠመጠመችው ዘነቡ ናት። የትና መቼ እንደሚባልም አውቃለሁ። በየዓመቱ በመንደራችን ታቦት ቀን እሄዳለሁ፤ ከበላን ከጠጣን በኋላ አንዱ ተነሥቶ ተማሪው ያቆመውን ድንጋይ ለልጆቹ ያወራል፤ ልጆቹም ዞረው ያዩኛል። አምናም ተወራ። ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ የዘንድሮው ጠላ ከአምናው ይበልጣል ብዬ ተቀመጥኩ።